ጎርፉ ከሸሸ በኋላ የማን በር ይንኳኳል? ደብዳቤ ለልጄ

ውድ ልጄ፤

ሰላምሽ ይብዛልኝ። አንቺም ልጆቹም ከነሕይወታችሁ መትረፋችሁን ከሰማን ወዲህ እናትሽም እኔም ትንሽ ተረጋግተናል፤ ፈጣሪ ይመስገን። በስልክ ስናወራ ድምፅሽ እየተቆራረጠ የጀመርኩትን ሳልጨርስ ስለቀረሁ፣ ዕድሜዬን በካሳ ክፍል ውስጥ የሌላውን ሰው የጉዳት ማመልከቻ ሳገላብጥ የኖርኩ እንደመሆኔ፣ ከጎርፍ በኋላ እርዳታ የሚገኝባቸውን ቦታዎችና የአጠያየቁን ሥርዓት በጽሑፍ ላስቀምጥልሽ ወስኛለሁ። ቀድመሽ ያወቅሽው ካለ እሱን እለፊው።

«ዛሬውኑ ሁሉንም አውጥቼ ጥዬ ቤቱን ማጠብ እጀምራለሁ» ያልሽኝ ነገር አሳስቦኛል። መቸኮልሽ ተገቢ ነው፤ እርጥበት ባለበት ቤት ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማደግ ይጀምራል። ጉዳቱን አይቶ የሚመዘግበው ባለሙያ ግን ብዙ ቤት ባጠቃ ጎርፍ ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ ይደርሳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። በዚህ መሐል ሰው በሁለት መንገድ ሲጎዳ አይቻለሁ፤ አንዱ ባለሙያው እስኪመጣ ብሎ የራሰ ፍራሽ ታቅፎ ይቀመጥና ቤቱ ይሻግትበታል፤ ሌላው ደግሞ ማስረጃውን ከጭቃው ጋር ጠርጎ ይጥልና ምን እንደጠፋበት የሚያሳይበት ነገር ያጣል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ነገር በካሳ ሥራ ውስጥ ትርፍ ጌጥ አይደለም፤ ያልተመዘገበ ጉዳት እርዳታ ሰጪው ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ሁለቱንም አስታርቂያቸው፤ በመጀመሪያ መዝግቢ፣ ወዲያው ደግሞ አውጪ። ግድግዳው ላይ ውሃው ትቶት የሄደውን ቡናማ መስመር ከማጠብሽ በፊት የልብስ ሰፊ ሜትር ከወለሉ ጀምረሽ እስከ መስመሩ ዘርጊና ቁጥሩ በግልጽ እንዲነበብ አድርገሽ ፎቶ አንሺው፤ ይህንንም በየክፍሉና ከቤቱ ውጭም ድገሚው። የማቀዝቀዣውንና የልብስ ማጠቢያውን ፎቶ ከፊት ማንሳት ብቻ አይበቃም፤ ከጀርባው ወይም ከበሩ ጎን የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ያለው የሞዴልና የመለያ ቁጥር መታየት አለበት። ከምንጣፉና ከመጋረጃው መዳፍ የምታክል ቁራጭ ቆርጠሽ በላስቲክ ከረጢት አድርጊና የክፍሉን ስም ጻፊበት። ከዚያ በኋላ ኢንሹራንስ ካለሽ ደውለሽ የተበላሸውን ዕቃ ማስወገድ እንደምትችዪ ጠይቂ፤ የፈቀደልሽን ሰው ስምና ሰዓቱን ማስታወሻ ደብተርሽ ላይ አስፍሪ። ፎቶዎቹ በስልክሽ ላይ ብቻ እንዳይቀሩ ለእኔም ላኪልኝ።

ወደ ቤቱ ከመግባትሽ በፊት ግን የመጀመሪያው ጥሪሽ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ይሁን። ውሃ ውስጥ ቆሞ ዋናውን ማጥፊያ መንካት ሕይወት ያስከፍላል፤ መስመሩን አጥፍቶ፣ ገመዱንና ሶኬቶቹን ፈትሾ መልሶ የሚያበራው ባለሙያ ነው። ጄኔሬተር የሚያውስሽ ብታገኚም ከቤት ውስጥም፣ ከበረንዳም፣ ከመስኮት ሥርም አታስነሺው፤ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው በመሆኑ ከጎርፉ ተርፈው በዚህ ጋዝ የሞቱ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ምድር ቤቱ ውስጥ የቀረውን ውሃም በአንድ ቀን መጥጠሽ ለመጨረስ አትሞክሪ፤ ውጭ ያለው አፈር ገና ውሃ ተሸክሞ ሳለ ውስጡ ባዶ ከሆነ ግድግዳው ወደ ውስጥ ሊናድ ስለሚችል፣ ባለሙያዎች በቀን ሲሶውን ያህል ብቻ ማውጣትን ይመክራሉ። የውሃ መምጠጫ ፓምፕ ለመግዛት ግን አትቸኩዪ፤ ብዙ ቦታ የእሳት አደጋ መከላከያው ራሱ መጥቶ ይመጥጣል፣ ካልሆነም የት መዋስ እንደሚቻል ያውቃል።

ቀጥሎ የምትሄጂበት የአካባቢሽ አስተዳደር ነው። ሰው ወደዚያ የሚሄደው ብርድ ልብስ ለመቀበል ይመስለዋል፤ ዋናው የምትፈልጊው ነገር ግን የተጎጂዎች መዝገብ ላይ መስፈርሽና የምዝገባ ቁጥርሽን በወረቀት ይዘሽ መውጣትሽ ነው። ሌላው ሁሉ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቱም፣ ባንኩም፣ የግብር መሥሪያ ቤቱም፣ የሚጠይቅሽ ያንን ቁጥር ነው። እዚያው ሳለሽ ቤቱ ለመኖሪያ የሚሆን መሆኑን የሚፈትሽ መሐንዲስ ይላክ እንደሆነ፣ ፍርስራሽና የተበላሸ ዕቃ የት እንደሚደፋና በየዓይነቱ መለየት ያስፈልግ እንደሆነ፣ ለጥገናም ፈቃድ ይጠየቅ እንደሆነ ጠይቂ። የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀንም አጥብቀሽ ጠይቂ፤ የጎርፍ እርዳታ ብዙ ጊዜ ቀነ ገደብ አለው፣ ሰው ደግሞ ያንን ቀን የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው። በአካል መሄድ ካቃተሽ ሌላ ሰው በውክልና ሊያስመዘግብልሽ ይችል እንደሆነ በስልክ ማጣራት አያስነውርም።

የቀይ መስቀል ማኅበር በአቅራቢያሽ ካለ ዛሬውኑ ሂጂ። ንቅናቄው እ.ኤ.አ. በ1863 ጄኔቫ ላይ ሲጀመር የጦር ሜዳ ቁስለኛን ለመርዳት ታስቦ ነበር፤ ዛሬ ከ190 በላይ አገሮች ውስጥ ብሔራዊ ማኅበራት ስላሉት በጎርፍ ጊዜ ቀድመው ከሚደርሱት አንዱ ነው፤ መጠለያ፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ አንዳንዴም ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል፤ የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግ አገልግሎትም አለው። የጎረቤትሽ አሮጊት እናት የት እንደገቡ እስካሁን አልታወቀም ብለሽኝ ስለነበር ስማቸውን እዚያ አስመዝግቢ። ጊዜያዊ መጠለያ ውስጥ የምትቆዩ ከሆነ ደግሞ የሚሰጣችሁን ሁሉ ዝም ብላችሁ እንድትቀበሉ አልፈልግም። ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ እርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃና ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር መጠለያ ያስፈልጋል ይላል። ቁጥሩን ጠቅሶ በትሕትና የሚጠይቅ ሰው «ተጨናንቀናል» ብቻ ከሚለው ይልቅ ይደመጣል፤ ይህን ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ያየሁት ነው።

የጤና ጣቢያውን ነገር ችላ አትበዪ። የጎርፍ ውሃ ከፍሳሽ ቱቦ፣ ከነዳጅና ከእርሻ ኬሚካል ጋር ተደባልቆ የመጣ በመሆኑ ቦቲ ጫማና የላስቲክ ጓንት ሳታደርጊ ጭቃውን አትንኪ፤ ቁስል ያለበት ሁሉ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ያጣራ። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ የምትጠቀሙት፣ በክሎሪን ታክሞ በላቦራቶሪ እስኪመረመር ድረስ አይጠጣ፤ ምርመራውን የት እንደሚሠሩ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ይነግርሻል። እስከዚያው ውሃ ሲፈላ አንድ ሙሉ ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ፤ ነገር ግን ማፍላት ተሕዋስያንን እንጂ ነዳጅንና ኬሚካልን አያስወግድም፤ የነዳጅ ሽታ ያለውን ውሃ ጨርሶ ተዪው። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር፣ በተለይም አሞኒያ ወይም አሲድ ካለበት ጋር፣ ፈጽሞ አታደባልቂ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ልጆቹ ሌሊት እየባነኑ ከሆነም ይህ ከአደጋ በኋላ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ካልተሻላቸው ለጤና ባለሙያው ንገሪው፣ ብዙ ጣቢያዎች የምክር አገልግሎት አላቸው።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስና ስለ ኢንሹራንስ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። በብዙ አገሮች መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አያካትትም፤ ለብቻው የሚገዛ ወይም በውሉ ላይ የሚጨመር ነው። ውሉን ስታነቢ «ጎርፍ» የሚለውን ቃል ብቻ ፈልገሽ አትዝጊው፤ ከቤት ውስጥ ቱቦ ፈንድቶ የፈሰሰ፣ ከፍሳሽ መስመር ወደ ኋላ የተመለሰ፣ ከጣሪያ የገባና ከወንዝ ሞልቶ የመጣ ውሃ በውል ላይ እንደየምንጩ ተለያይቶ ሊታይ ይችላል። በየክፍሉ ውሃው በየት በኩል እንደገባ በፎቶ እንድታሳዪ የምወተውትሽ ለዚህ ነው። ማመልከቻሽ ቢመለስ «አልከፍልም ብለዋል» ብለሽ አትተዪው። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው እምቢታ አንድ የጎደለ ወረቀት ነው፣ የቅሬታ ደረጃም አለው። ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ማኅበራትና የሕግ ትምህርት ቤቶች በእንዲህ ያለ ጊዜ ለተጎጂዎች ይቆማሉ፤ ከሥር ቤትሽ ያለው ተከራይም ኪራይ ይቀነስልኝ ማለት ይችል እንደሆነ እዚያው ይጠይቅ።

ውሃው በእርግጥ እስከ ቤትሽ ደርሶ እንደነበር የሚጠራጠር ቢመጣ ሌላም ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረው የጠፈርና የታላላቅ አደጋዎች ዓለም አቀፍ ቻርተር፣ ከአደጋ በኋላ የሳተላይት ምስሎችን ለአደጋ ሥራ አስኪያጆች በነፃ ያቀርባል፤ ራዳር ያላቸው ሳተላይቶች ደግሞ በደመናና በሌሊትም ቢሆን ውሃው የተኛበትን ስፍራ ለይተው ያሳያሉ። ለእናንተ አካባቢ እንዲህ ያለ የጎርፍ ካርታ ተሠርቶ እንደሆነ አስተዳደሩን ጠይቂ።

ውሃ ያራሳቸው ወረቀቶች ነገር ደግሞ አለ። የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የቤቱ ባለቤትነት ማረጋገጫ፣ የልጆቹ የትምህርት ማስረጃ ከራሰ፣ አንዱን ገጽ ከሌላው ለማላቀቅ አትጎትቺ፤ ጭቃውን በንጹህ ውሃ በቀስታ አስወግጂና ወዲያው ማድረቅ ካልቻልሽ በላስቲክ ጠቅልለሽ ማቀዝቀዣው በረዶ በሚሠራበት ክፍል አስቀምጪው፤ ብርዱ ሻጋታውን አቁሞ ጊዜ ይገዛልሻል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ፍሎረንስን ሲያጥለቀልቅ፣ ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ መጻሕፍቱን ከጭቃ ውስጥ በእጃቸው እየተቀባበሉ ያወጡት፣ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ነበሩ፤ «የጭቃ መላእክት» ተብለው ይታወሳሉ። ከእነዚያ ውሃ ካራሳቸው መጻሕፍት ውስጥ ብዙዎቹ ዛሬም ይነበባሉና የእናንተም ወረቀት ጭቃ ስለነካው ብቻ ጠፋ አትበዪ። የራሰ የብር ኖትንም አትጣዪ፤ በእሳት አታድርቂው፣ እንዳለ ወደ ባንክ ይዘሽ ሂጂ፤ ማዕከላዊ ባንኮች የተጎዳ ገንዘብን ይለውጣሉ። ብድር ካለብሽም ባንኩ ክፍያውን እንዲያራዝምልሽ ሳትዘገዪ በጽሑፍ አመልክቺ፤ ከመዘግየት በፊት የጠየቀ ሰው ይሻላል።

ለበጎ ፈቃደኛ እጅ መጠየቅ አትፈሪ። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ እምነቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ብዙ ጊዜ የአካፋ፣ የጓንትና የጉልበት መሰብሰቢያ ይሆናሉ፤ ደለሉም ከመድረቁ በፊት ነውና በቀላሉ የሚወጣው፣ ጉልበቱ የሚያስፈልግሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ግድግዳውን ግን ለመለሰን አትቻኮዪ፤ የእንጨቱ እርጥበት ከ15 በመቶ በታች መውረዱ በመለኪያ ሳይረጋገጥ ቢዘጋ ሻጋታውን ውስጥ አሽገሽ ትቀሪያለሽ። መለኪያውን የሚያውስ ሊኖር ስለሚችል ከመግዛትሽ በፊት ጠይቂ።

ደጅሽን አንኳኩቶ «ዛሬ ከከፈልሽ በግማሽ ዋጋ እሠራልሻለሁ» የሚልን ሠራተኛ፣ ወይም እርዳታ ለማስመዝገብ ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው አትቀበዪ። ለእርዳታ መመዝገብ ክፍያ የለውም። ለጥገና ሠራተኛ ፈቃዱን አይተሽ፣ የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ አስቀምጠሽ፣ ሙሉ ክፍያውንም ሥራው ሲያልቅ አድርጊ።

ታናሽ ወንድምሽ በነገው ጉዞ ይነሳል፤ ጓንት፣ ቦቲና የላስቲክ ከረጢት ይዞልሽ ይመጣል፤ ልጆቹን ይዞልን እንዲመለስ ከተስማማሽ አንቺ ከደብተርሽ ጋር ለቢሮው ነፃ ትሆኛለሽ። የምዝገባ ቁጥርሽን እንዳገኘሽ ፎቶውን ላኪልኝ፤ የኢንሹራንሱን ማመልከቻ እኔ እዚህ ሆኜ አርቅቄ እልክልሻለሁ፣ አንቺ ፈርመሽ ታስገቢዋለሽ።

እናትሽ ሁላችሁንም ትስማለች።

የሚወድሽ አባትሽ