ጎጂራን እይና ጻፍልኝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማማስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድምፅህን ከሰማሁ ቆየሁ፤ በጣም ናፍቀኸኛል። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ፊልም ነው። ሲኒማ አይተን ስንወጣ እስከ እኩለ ሌሊት የምከራከረው ካንተ ጋር አልነበር? ታዲያ ይህን ለማን ላዋየው?

ጎጂራን አየሁት፣ ሰው ሁሉ ጎድዚላ የሚለውን፤ የሃይድሮጅን ቦምብ ሙከራ ከባሕር የቀሰቀሰው ግዙፍ አውሬ ከተማ ሲያወድም የሚያሳየውን ፊልም። ኢሺሮ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1954 የሠራውን ጥቁርና ነጩን ማለቴ ነው። ሲጀምር መርከበኞች ዘና ብለው ተቀምጠዋል፤ ድንገት ባሕሩ ቦግ ይላል፣ መርከቡ ይጋያል። ይህን ያየ የጃፓን ተመልካች ምን እንደታወሰው አስበው። በዚያው ዓመት ማርች 1 አሜሪካ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው በቢኪኒ ደሴት ላይ የሃይድሮጅን ቦምብ ስትሞክር፣ 23 ሰዎች የያዘች የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ መርዛማ አመድ ዘነበባት። የጀልባዋ የሬዲዮ ሠራተኛ ኩቦያማ ሴፕቴምበር 23 ሞተ፤ ፊልሙ ደግሞ ኖቬምበር 3 ወጣ። በእኛ ቢሆን የሰውየው አርባ ገና መውጣቱ ነው።

አንዳንድ የጃፓን ሐያስያን ታዲያ «በሕዝብ ሐዘን ይነግዳል» ብለው ወረዱበት። ቁጣቸው ይገባኛል፤ ፍርዳቸውን ግን አልቀበልም። የሚነግድ ሰው ካሜራውን አውሬው ላይ ብቻ ይተክላል። ሆንዳ ግን ከጦርነት ሲመለስ የወደመችውን ሂሮሺማን በዓይኑ ያየ ወታደር ነበር። በፊልሙ ከተማው ሲነድ አንዲት እናት ልጆቿን አቅፋ ግድግዳ ሥር ተቀምጣ «አሁን አባታችሁ ዘንድ እንሄዳለን» ትላቸዋለች። ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ሐኪሙ የጨረር መለኪያውን ወደ አንዲት ሕፃን ያስጠጋና ራሱን ይነቀንቃል፣ ሌላ ቃል የለም። እዚያ ላይ ፊልሙን አቁሜ ትንሽ ተቀመጥኩ።

በ1956 አሜሪካኖች ቆራርጠው፣ ሬይመንድ በር የተባለ ተዋናይ ጋዜጠኛ አድርገው ጨመሩበትና የቦምቡን ነገር አደበዘዙት። ከጃፓን ውጭ ያለው ዓለም ለዓመታት የፈረደው በዚያ ቅጂ ነው! ዋናው በ2004 አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ሲገባ እንኳ ታዋቂው አሜሪካዊ የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት አልወደደውም። የአውሬው ልብስ ያስታውቃል፣ እውነት ነው። ሃሩኦ ናካጂማ ያን ከባድ ልብስ ለብሶ፣ የትንንሽ ሕንፃዎች ሞዴል እየረገጠ ነው የሠራው። ግን ጩኸቱን ስማው! አቀናባሪው ኢፉኩቤ የኮንትራባስ ክር አላልቶ፣ ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት እየፈተገ ያወጣው ድምፅ ነው፤ ዛሬም ጀርባ ያቀዘቅዛል።

በ2023 የወጣው አዲሱ የጎድዚላ ፊልም በልዩ የምስል ውጤት ኦስካር ወስዷል፤ ደስ ብሎኛል፣ ይገባዋልም። አንተ ግን በአሮጌው ጀምር፣ የጃፓንኛውን ቅጂ። መጨረሻውን አልነግርህም። ብቻ ሳይንቲስቱ ሴሪዛዋ በሠራው መሣሪያና በራሱ ላይ የወሰነው ልክ ነው ትላለህ? እኔ ልክ ነው ባይ ነኝ። ካልተስማማህ በረጅሙ ጻፍልኝ።

ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ።

ወንድምህ