የብራይተን አኳሪየም ጉብኝት፦ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ውድ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በሚቀጥለው ወር የመጨረሻ ቅዳሜ የአማርኛ ክፍል አይኖርም። ልጆቹን ይዘን የባሕር ዳርቻ ከተማዋ ብራይተን ሄደን አኳሪየሙን፣ ማለትም የባሕር እንስሳት የሚታዩበትን ቦታ፣ ልንጎበኝ ነው። "ዓሣ ለማየት እዚሁ ለንደን መች ጠፋና?" ያላችሁኝ አላችሁ። አልጠፋም። ይሄኛው ግን በፈረንጆቹ 1872 ተከፍቶ እስካሁን የሚሠራ፣ በዓለም ላይ ካሉት አኳሪየሞች አንጋፋው ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ አክሱም ላይ ዘውድ የጫኑት በዚያው ዓመት ነው፤ ለልጆቹ ይህን ብትነግሯቸው ዘመኑ ቶሎ ይገባቸዋል።

እኔን ከዓሣው ይልቅ የሚያጓጓኝ ሕንፃው ነው። የነደፈው ዩጂኒየስ በርች ነው፤ ዛሬ የብረት አጽሙ ብቻ ባሕር ላይ ቆሞ የሚታየው ዌስት ፒር የሚባለው የመዝናኛ ድልድይም የእሱ ሥራ ነው። አኳሪየሙ ከመንገዱ በታች ስለሆነ ደረጃ ወርዳችሁ ነው የምትገቡት፤ ውስጡ ጨለም ብሎ፣ ጣሪያው እንደ ጥንት ካቴድራል በቅስት ተያይዞ፣ በየአምዱ መሃል የመስታወት ገንዳ ያበራል።

አንድ የድሮ ታሪክም አለ። በ1870ዎቹ እዚያ ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ሄንሪ ሊ እንደጻፈው፣ ከአንዱ ገንዳ ዓሣ እየጎደለ ሠራተኞቹ ግራ ገባቸው። ለካስ የጎረቤቱ ኦክቶፐስ ሌሊት ከገንዳው ወጥቶ እየበላ ወደ ቦታው ይመለስ ኖሯል! አንድ ቀን ጠዋት ግን እዚያው ዓሣዎቹ ገንዳ ውስጥ እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

ቀድሞ ዶልፊኖችም ነበሩ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ፣ ሚሲና ሲልቨር፣ በ1991 ተርክስና ካይኮስ ደሴቶች አካባቢ ባሕር ላይ ተለቀቁ። እንስሳ እንዲህ መያዝ አለበት ወይስ የለበትም? ስንመለስ ትልልቆቹን ልጆች በዚህ እናከራክራቸዋለን፤ በአማርኛ ብቻ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ከቪክቶሪያ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ከጣቢያው በእግር ቁልቁል እንወርዳለን። ባሕር ዳሩ ጠጠር ስለሆነ ነጠላ ጫማ አይሆንም። ነፋሱም አይጣል ነው፤ ጃኬት አትርሱ። ምሳ ቋጥሩላቸው፣ ግን ውጭ ሲበሉ ይጠንቀቁ፤ የባሕር ወፎቹ ዳቦ ከእጅ ላይ ይመነትፋሉ። መስታወት መደብደብና በፍላሽ ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑን ከቤት ንገሯቸው።

ትኬት ቀድመን ስንገዛ ስለሚረክስ የሚመጡትን ልጆች ስም እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ስጡን። አብረውን የሚሄዱ ወላጆችም እንፈልጋለን፣ በተለይ ለትንንሾቹ። መነሻችን በሐበሻ ሰዓት ሳይሆን በባቡሩ ሰዓት ነው፤ አደራ።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር