ባለ 22 ጨዋታው ሰውዬ

ቀጮዬ፣

እንደምን ከርመሃል? እንደ ድሮው ደብዳቤ «ከናፍቆትህ በስተቀር ደኅና ነኝ» ብዬ ልጀምር አሰብኩና አፈርኩ። ሦስት ዓመት ዝም ያለ ሰው ናፈቅከኝ ቢል ማን ያምነዋል?

እማማ ያረፉ ጊዜ አልደወልኩም። መርዶውን የሰማሁት በሳምንቱ ነበር። ማታ እደውላለሁ አልኩ፤ ማታ ሥራ ገባሁ። ነገ አልኩ። አርባው አለፈ፣ ሰማንያው አለፈ። ሙት ዓመታቸው ሲደርስ ደግሞ አሁን ምን ብዬ ነው የምደውለው እያልኩ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ከልምምድ ስንመለስ ገና ከበሩ «እግራችሁን ሳትታጠቡ ማዕድ ጋ እንዳላያችሁ!» የሚሉት ድምፃቸው ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። እግዜር ያጽናህ ለማለት ሦስት ዓመት ስለፈጀሁ ይቅር በለኝ። ሰበብ አላበዛም።

ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ የሰፈራችን ልጅ ነው። አትላንታ አንድ ሰርግ ላይ ተገናኘንና ስለ አንተ ጠየቅኩት። የሰፈሩን ልጆች አሰልጥንልን ብለውህ እምቢ አልክ አሉ። «እኔ ምን ተጫውቼ ነው የማሰለጥነው? ዕድሜዬን ወንበር ላይ አይደል እንዴ የጨረስኩት» አልክ አሉ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ስለ አንድ ሰውዬ ልንገርህ። ጉዳዩ ቤዝቦል ነው። አትሽሽ፣ ትንሽ ታገሰኝ።

ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ። ሴፕቴምበር 25 ቀን 2014 ነበር፤ የደመራ ዋዜማ። ያኔ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት እሠራ ነበር። አብሮኝ የሚያድረው ሰው ዶሚኒካዊ ሽማግሌ ነው። በቁልፍ መስቀያው ሥር አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረችን። እኔ ቤዝቦል የሚባል ነገር አይገባኝም፤ በዱላ ኳስ ሲመቱ ሳይ የገና ጨዋታ ነው የሚመስለኝ። ሽማግሌው ግን ያን ማታ ቁልፍ እንኳ አላቀብልም አለ። ለካ ዴሪክ ጂተር የሚባለው የኒው ዮርኩ ቡድን የያንኪስ አምበል ከ20 ዓመት በኋላ በሜዳው የሚጫወትበት የመጨረሻ ቀን ነው።

ያንኪስ 5 ለ 2 ይመራል። ሊያልቅ ሲል ባልቲሞሮች ሁለት ሆምረን፣ ከአጥር በላይ የምታልፍ ምት ማለት ነው፣ መትተው 5 እኩል አደረጉት። ሽማግሌው ኮፍያውን መሬት ላይ ወረወረው። በመጨረሻው ተራ ጂተር ሊመታ ወጣ። የመጀመሪያዋን ኳስ ወደ ቀኝ ላካት። አንድ ሰው ከሁለተኛው ቤዝ፣ ሯጮች በየተራ ከሚረግጧቸው ማረፊያዎች ከአንዱ፣ ተነስቶ እንደ እብድ እየሮጠ ዞረና ተንሸራቶ ገባ። 6 ለ 5። ጂተር እጁን ዘርግቶ ዘለለ፣ ስታዲየሙ ተናወጠ፣ ሽማግሌው አቅፎኝ አለቀሰ። እኔም ምኑም ሳይገባኝ አለቀስኩ። ደመራም ትዝ ብሎኝ ነበር መሰለኝ።

አሁን ልብ በል። ያ የሮጠው ሰውዬ ማን ነው? አልጠየቅኩም። ሽማግሌውም አልነገረኝም። ዓይናችን ሁሉ ጂተር ላይ ነበር።

ያወቅኩት ከ11 ዓመት በኋላ ነው፤ ታክሲዬ ውስጥ። አንቷን ሪቻርድሰን ይባላል። የባሃማስ ልጅ ነው፣ ናሶ የተወለደ። ባሃማስ እኛ አገር ከሰው ይልቅ በባሕሩ ነው የሚታወቀው። በትልቁ ሊግ የተጫወቱ ባሃማሳውያን ከእሱ በፊት አምስት ብቻ ነበሩ። አጭር ነው፤ ጉልበቱ እግሩ ላይ ነው። የሚጫወተው አውትፊልደር ሆኖ ነው፤ ከኋላ ሰፊው ሜዳ ላይ ቆሞ ርቃ የምትመጣውን ኳስ የሚያሳድድ ማለት ነው። ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ2005 የሳን ፍራንሲስኮው ቡድን ጃያንትስ መለመለው፤ ግን በ35ኛው ዙር። 35ኛ ዙር ማለት ምን መሰለህ? ሰርግ ሄደህ ሥጋው ሁሉ ተበልቶ ሲያልቅ «ና አንተም ቁጭ በል» እንደማለት ነው።

ከዚያ ስድስት ዓመት ታችኛው ሊግ። ታችኛው ሊግ ማለት አውቶቡስ፣ ርካሽ ሆቴል፣ ደግሞ አውቶቡስ ነው። አንድ ሰሞንማ ከነጭራሹ የማንም ትልቅ ቡድን ባልሆነ ሊግ ውስጥ ተጫውቷል። በሴፕቴምበር 2011 የአትላንታዎቹ ብሬቭስ ወደ ላይ ሲያወጡት 27 ዓመቱ ነው። ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ፤ አብዛኛውን ለሌላ ሰው ሮጠህ ግባ እየተባለ። ከዚያ ደግሞ ወደ ታች። ባልቲሞር ታችኛው ቡድን፣ ሚኔሶታ ታችኛው ቡድን፣ ከዚያ ያንኪስ። ለያንኪስ 13 ጨዋታ። ሁሉም ሲደመር 22 ጨዋታ ነው፣ ቀጮ። የዕድሜ ልክ ሥራው በትልቁ ሊግ 22 ጨዋታ። ከ2014 በኋላ ተጫዋች ሆኖ እዚያ ሜዳ አልገባም።

ያችን የጂተርን ማታ እንኳ ራሱ መትቶ አይደለም ቤዝ ላይ የደረሰው። ሌላ ልጅ መትቶ አንደኛ ቤዝ ሲደርስ በእሱ ቦታ ተቀይሮ ገባ። ስምንት ደቂቃ ሲቀር «ቀጮ፣ ሙቅ!» እንደሚሉህ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቤዝቦል ውስጥ «መስረቅ» የሚባል ነገር አለ። ወርዋሪው፣ ፒቸር የሚሉት፣ ለመወርወር መንቀሳቀስ ሲጀምር አንደኛው ቤዝ ላይ ያለው ሰው ብድግ ብሎ ወደ ሁለተኛው ይሮጣል። ርቀቱ 27 ሜትር ከምናምን ነው፤ ትንሽ ቀድሞ ፈቀቅ ብሎ ስለሚቆም ያጥራል። ወርዋሪው መንቀሳቀስ ከጀመረ አንስቶ ኳሷ ካቸሩ፣ ከመቺው ኋላ ሆኖ የሚይዛት ሰው፣ ጋ እስክትደርስ 1.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ካቸሩ ይዞ ወደ ሁለተኛው ቤዝ ለመላክ 2 ሰከንድ ገደማ። ድምሩን አንተው አድርገው። ሯጩ ከዚያ ካነሰ ደረሰ፣ ከበለጠ ተቃጠለ። አንደኛው ቤዝ አጠገብ ደግሞ አንድ አሰልጣኝ ስቶፕዋች ይዞ ይቆማል። ወርዋሪው ትከሻውን መቼ እንደሚያዞር፣ ተረከዙን መቼ እንደሚያነሳ፣ የትኛው ዝግተኛ እንደሆነ አጥንቶ ለሯጩ ጆሮ ሹክ ይለዋል። ሕዝቡ አያየውም። ቴሌቪዥኑም ብዙ አያሳየውም።

ሪቻርድሰን ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ያ ሰው ሆነ። መጀመሪያ ታች ያሉትን ልጆች አሰለጠነ። በ2020 ጃያንትስ አንደኛ ቤዝ ላይ አቆሙት፤ ያው በ35ኛ ዙር የመለመሉት ቡድን። በሁለተኛው ዓመቱ ቡድኑ 107 ጨዋታ አሸነፈ፤ በታሪኩ ይህን ያህል አሸንፎ አያውቅም።

አንድ ጨዋታ ላይ ደግሞ፣ ኤፕሪል 2022፣ ከተጋጣሚው አሰልጣኝ ጋር በቃል ተጋጭቶ ዳኛው ከሜዳ አስወጣው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ እነዚህ ግን ይቆጣሉ። በማግስቱ ይቅር ተባባሉ። እሱ ሲወጣ አሊሳ ናከን የምትባል ሴት ቦታውን ይዛ ቆመች። በዚያ ሊግ መደበኛ ጨዋታ ላይ ሜዳ ገብታ ያሰለጠነች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። የእሱ ነገር እንዲህ ነው መሰለኝ፤ ታሪክ ሲሠራ ወይ እየሮጠ ነው ወይ እየወጣ።

በ2024 ኒው ዮርክ ሜትስ ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ሜትስ ሁዋን ሶቶ የሚባል ዶሚኒካዊ አመጡ። በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር የፈረመ ሰው ነው። ቁጥሩን ደግመህ አንብበው፣ አልተሳሳትኩም። ሶቶ ኳስ ሲመታ ጉድ ነው፤ ሩጫ ላይ ግን ከሊጉ ቀርፋፎች አንዱ ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ዓመት ከ12 በላይ ሰርቆ አያውቅም። በ2025 ስንት ሰረቀ? 38! ትልቁ ሊግ ለሁለት ይከፈላል፤ ሜትስ ባሉበት ግማሽ፣ ናሽናል ሊግ በሚሉት፣ ከአንድ ሌላ ተጫዋች ጋር እኩል አንደኛ ወጣ። እግሩ አልፈጠነም። ያው ቀርፋፋው ሶቶ ነው። መቼ መነሳት እንዳለበት አውቆ ነው። ይህን ያሳየው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ «ሮጠህ ግባ» እየተባለ የኖረው ባለ 22 ጨዋታው ሰውዬ ነው። እርግጥ በ2023 ሕጉ ተለውጦ ለሯጮች ቀንቷቸዋል፤ ቤዙ ሰፋ፣ ወርዋሪውም ሯጩን ለመያዝ እንደልቡ መወርወር ቀረበት። ሕጉ ግን ለሁሉም ቡድን ነው የተለወጠው። ሜትሶች በዚያ ዓመት ከ10 ሙከራ በ9ኙ ገደማ ይሳካላቸው ነበር።

ከዚያ ከሜትስ ጋር በውል ሳይስማሙ ቀሩና ወደ አትላንታ መጣ። ብሬቭስ፤ ያው ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ ያጫወቱት። ታክሲዬ ውስጥ የነገረኝ ወደ ስታዲየም የማደርሰው አንድ ሰው ነው። «አንደኛ ቤዝ ላይ የሚቆመውን ሰውዬ ታውቀዋለህ? ያን ማታ ሮጦ ገብቶ ለጂተር ያስጨበጨበለት እሱ ነው» አለኝ። መሪውን ይዤ ቀረሁ። ከኋላዬ ክላክስ ጮኸብኝ። ሰውዬው ወረደ፣ እኔ ግን ሂሳቡን ሳላይ እዚያው ቆሜ ስልኬ ላይ ቪዲዮውን ከፈትኩ። በዚህ ጊዜ ጂተርን አላየሁም። የሚሮጠውን ብቻ ነው ያየሁት። ኳሷ ገና ከዱላው ስትለቅ እሱ ተነስቷል።

ወዲያው ጃን ሜዳ ትዝ አለኝ። ታስታውሳለህ፣ ያችን ከዝናብ በኋላ ጭቃ የሆነችውን ቅዳሜ? ፍፁም ቅጣት ምት አገኘንና እኔ ኳሷን አስቀመጥኩ። አንተ እንደተለመደው ወንበር ላይ ነህ፤ ያቺ አንድ እግሯ ስብር ያለች አግዳሚ። መስመሩ ጋ ድረስ መጥተህ «በረኛው በግራው ነው የሚወድቀው፣ ሦስቱንም ጨዋታ አይቼዋለሁ!» ብለህ ጮኽክ። በቀኙ መታሁ። እሱ በግራው ወደቀ። ልጆቹ ትከሻቸው ላይ አወጡኝ፣ ሰፈር እስክንደርስ ስሜን ጠሩ። አንተ ማልያዬን ይዘህልኝ ከኋላ ትመጣ ነበር። እኔ ያን ቀን በረኛውን አይቼው እንኳ አላውቅም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተም ጭምር።

ስለ ክለቦቹ አላነሳም። ያ ደሞዝህን አራት ወር ይዞ የለቀቀህ ሰውዬም ስሙ ይቅር። ሦስት ማልያ ለብሰህ በሦስቱም ወንበር ማሞቅህን አውቃለሁ። እዚያ ቁጭ ብለህ ምን ምን እንዳየህ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀህ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይህ ደብዳቤ ከትንሽ ጥቅል ጋር ነው የሚደርስህ። ለፋሲካ የሚገባ ሰው አግኝቻለሁ። ሁለት ስቶፕዋች፣ አንድ ፊሽካ፣ እና ለአንተ ጃኬት አለበት። ጃኬቱ ቢሰፋህ አትቆጣኝ፤ እኔ የማውቀው የድሮውን ቀጮ ነው። አንዱ ስቶፕዋች ቁልፉ ጠንከር ስለሚል ጫን አድርገህ ያዘው።

እሑድ ማታ በእናንተ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። መጀመሪያ ስለ እማማ እናውራ። ከዚያ ልጆቹ 27 ሜትሩን በስንት ሰከንድ እንደጨረሱት ትነግረኛለህ፤ ቀርፋፋውን ልጅ አስቀድም።

ወንድምህ