ስሙ የተሰነጠቀ ተመራማሪ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጦቻችን አንድ የኢሙኖሎጂ (የሰውነት በሽታ መከላከያ ሳይንስ) ተመራማሪ ሲያስተዋውቁ «ይህን ያህል ጽሑፍ አሳትመዋል፣ ይህን ያህል ጊዜ ተጠቅሰዋል፣ ኤች-ኢንዴክሳቸው ይህን ያህል ነው» ብለው ያልፋሉ። ቁጥሩ ከየትና መቼ እንደተወሰደ ግን አይነግሩንም። የአንድ ሰው ቁጥር ጽሑፎችንና ጥቅሶችን በሚመዘግቡት በጉግል ስኮላር፣ በስኮፐስና በዌብ ኦፍ ሳይንስ ይለያያል። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና ገና ያልተገመገሙ ረቂቆችን ጭምር ስለሚቆጥር አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ምንጭና ቀን የሌለው ቁጥር ባይታተም እመርጣለሁ።

በእኛ ስም አጠራር ላይ ደግሞ የባሰ ችግር አለ። የውጭ መዝገቦች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዙና የቀረውን በመነሻ ፊደል ያሳጥሩታል። አበበ ከበደ ተሰማ የተባለ ሰው አንዱን ጽሑፍ እስከ አባቱ ስም ብቻ ጽፎ ቢያሳትም «ከበደ ኤ»፣ ሌላውን አያቱን ጨምሮ ቢያሳትም «ተሰማ ኤ ኬ» ይሆናል። «ተሰማ» በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ ኤስ፣ አንዴ በሁለት ኤስ ከተጻፈ ሦስተኛ ሰው ተፈጠረ። «ገብረ መድኅን» ተለያይቶ ሲጻፍ «ገብረ» ወደ ምህጻር ሄዶ «መድኅን» ብቻውን ይቀራል።

ጉዳቱ በስሌት ይታይ። ኤች-ኢንዴክስ 7 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 7 ጊዜ የተጠቀሱ 7 ጽሑፎች አሉ ማለት ነው። አንድ ተመራማሪ 40፣ 30፣ 22፣ 15፣ 12፣ 9፣ 8፣ 7፣ 3 እና 1 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ቢኖሩት ኤች-ኢንዴክሱ 7 ነው። ስሙ ለሁለት ተሰንጥቆ 40፣ 22፣ 12፣ 8 እና 3 በአንዱ መዝገብ፣ የቀሩት በሌላው ቢገቡ ሁለቱም 4 ይሆናሉ። ሥራው ያው ነው፤ ለዕድገት ወይም ለገንዘብ ድጋፍ ሲወዳደር ግን የሚታየው 4 ነው።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት አንድ የላቲን አጻጻፍ መርጦ መጽናት፣ ድርብ ስምን በሰረዝ ማያያዝ ወይም ገጥሞ መጻፍ፣ ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አኃዝ መለያ በነፃ አውጥቶ ጽሑፍ በተላከ ቁጥር ማስገባት። ስኮፐስ የተሰነጠቁ መዝገቦች እንዲዋሃዱ ጥያቄ ይቀበላል። በጉግል ስኮላር አዲስ ጽሑፍ በራሱ እንዲጨመር የሚፈቅደውን ምርጫ አጥፍቶ በኢሜይል እያዩ ማጽደቅ ይገባል፤ አለዚያ ሞክሼዎች የጻፉት ሁሉ ገብቶ ቁጥሩ ያለ አግባብ ያብጣል።

የደራሲዎች ቅደም ተከተልም ይነበብ። በባዮሜዲካል ጥናት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ስም የቤተ ሙከራውን ሥራ የሠራው፣ የመጨረሻው ቡድኑን የመራው ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በፈረሙባቸው ዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናቶች ላይ መሳተፍ ክብር ነው፤ ከእነሱ የሚመጣው የጥቅስ ብዛት ግን የአንድን ሰው የኢሙኖሎጂ ተፅዕኖ አያሳይም።

የጆርናሉ ዝናስ? ኢምፓክት ፋክተር የሚሰላው ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጡ ጽሑፎች በአንድ ዓመት ውስጥ የተጠቀሱበትን ብዛት ለጽሑፎቹ ቁጥር በማካፈል ነው። የጆርናሉ አማካይ ነው እንጂ የጽሑፉ ዋጋ አይደለም። ለምሳሌ ብሩስ ግሊክ በአሜሪካ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የፋብሪሺየስ ከረጢት የምትባለውን፣ በዶሮ የኋላ ቀዳዳ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክፍል ቆርጦ ያወጣ ነበር። ባልደረባው ቲሞቲ ቻንግ በሽታን የሚዋጋው ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) እንዴት እንደሚመረት ለተማሪዎች ለማሳየት ዶሮዎቹን ወስዶ የሳልሞኔላ ክትባት ቢወጋቸው ምንም አላመረቱም። ታዋቂው ጆርናል «ሳይንስ» ጽሑፉን አልቀበል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው በ«ፖልትሪ ሳይንስ»፣ በዶሮ እርባታ ጆርናል ነው። በሽታ የሚከላከሉት የቲና የቢ ሕዋሳት ሥርዓት በዶሮ ተለይቶ የታየው በ1965 ሲሆን፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርተው የቢ ሕዋስ «ቢ» ከዚያችው ከረጢት የላቲን ስም «ቡርሳ» የመጣች ናት። ሁለት ዓመት ብቻ የሚቆጥር መለኪያ ይህን ሁሉ ባልያዘው ነበር።

ስለዚህ ዘጋቢዎቻችሁ ተመራማሪ ሲያነጋግሩ ከቁጥሩ በፊት ይህን ቢጠይቁልን፦ ከግኝቶችዎ መካከል ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ደግመው ሠርተው ያረጋገጡት የትኛውን ነው? በእሱ ላይ ተመሥርቶስ ምን ተሠራ?

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ