ልጄ በስልኩ ላይ የ19 ዓመት ወጣት ሆና ተመዝግባ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ልጆችና ስለ ስልክ የሚጻፉ ምክሮችን እከታተላለሁ። አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በሰዓት ገደብ ላይ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን ከሰዓቱ አስቀድሞ መታየት ያለበትን፣ በአገራችን በተለየ መንገድ የሚሳሳተውን የልጆች የትውልድ ዓመት ምዝገባ የሚመለከት ጉዳይ በቤቴ ስለገጠመኝ፣ ሌሎች ወላጆች እንዲያውቁት ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በኅዳር ውርጩ ስለሚበረታ ልጆች በጊዜ ወደ ቤት ይገባሉ፤ ከገቡ በኋላም እጃቸው ከስልክ አይለይም። ባለፈው ኅዳር አንድ ሌሊት ተነስቼ በልጆቹ ክፍል ሳልፍ ከብርድ ልብስ ሥር ብርሃን አየሁ። ልጄ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ስልኩ ግን ደረቷ ላይ እንደበራ ነው። ላጠፋው ሳነሳው «ፎቶሽን ላኪልኝ፤ ለማንም እንዳትነግሪ» የሚል፣ ከማላውቀው ሰው የተላከ መልእክት አነበብኩ። ልጄ ገና 11 ዓመቷ ነው። እስኪነጋ አልተኛሁም።

ጠዋት አጠገቤ አስቀምጬ ሳልቆጣ ጠየቅኋት። ሰውዬውን አታውቀውም፤ መልስም አልሰጠችውም። አካውንቷን አብረን ከፍተን ስናይ ዕድሜዋ 19 ተብሎ ተመዝግቧል። የዋሸች መስሎኝ ነበር፤ አልዋሸችም። ስልኩ የትውልድ ዓመቷን ሲጠይቃት በትምህርት ቤት እንደምትሞላው የካቲት 2006 ብላ ሞልታለች። ስልኩ ግን ዓመቱን የሚያሰላው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ እውነቱን የተናገረችውን ልጅ በ8 ዓመት አሳደጋት። በዚሁ ስሌት የ6 ዓመት ሕፃን እንኳ ብዙዎቹ ማኅበራዊ መገናኛዎች ዝቅተኛ ብለው የወሰኑትን 13 ዓመት ያለፈ ሆኖ ይቆጠራል።

ጉዳቱ ከቁጥር በላይ ነው። ለምሳሌ ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ለሆኑ ተጠቃሚዎች የግል መልእክት መላላክን ይከለክላል፤ አካውንታቸውም ሲከፈት ጀምሮ ለማያውቋቸው ሰዎች የተዘጋ እንዲሆን ያደርጋል። ዓመቱ ከተሳሳተ ይህ ጥበቃ ሁሉ ይቀራል። የብዙዎቻችን ስልክ ደግሞ ከሱቅ ስንገዛው ሻጩ በራሱ ግምት ዓመት ሞልቶ፣ የይለፍ ቃሉንም ራሱ መርጦ በከፈተው አካውንት የሚሠራ ነው። የእኔም እንደዚያ ነበር። ልጆቻችን ይህንኑ ስልክ ይዘው ሲቀመጡ የሚቀርብላቸው ለአዋቂ የተመረጠ ነገር ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ለተወለደ ልጅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 መደመር ነው፤ ወሩንና ቀኑንም እንዲሁ ወደ ፈረንጆቹ መመለስ ያስፈልጋል። ከ13 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ ጎግል ወላጅ የሚቆጣጠረው አካውንት የሚከፈትበት ፋሚሊ ሊንክ የሚባል መተግበሪያ አዘጋጅቷል፤ በዚህ የሚጫኑትን መተግበሪያዎች መፍቀድና መከልከል፣ ስልኩ ማታ የሚዘጋበትን ሰዓትም መወሰን ይቻላል።

ስልኩን ከልጄ ጨርሼ አልነጠቅሁም። ክፍልፋይን በደንብ የተረዳችው ከስልክ ባየችው ትምህርት ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። የቀድሞውን አካውንት አብረን ዘግተን፣ በአዲሱ ላይ 2014 የሚለውን በገዛ እጇ ጻፈች። ስልኩም ማታ ማታ እኛ ክፍል ያድራል። ስለ ጓደኞቿ ስጠይቃት «ሁሉም የሞሉት እንደ እኔ ነው» አለችኝ። ይህ ነው እጅግ ያሳሰበኝ።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች በወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን ጉዳይ እንዲያነሱ፣ የስልክ ሻጮችም አካውንት ከመክፈታቸው በፊት ስልኩ የሚገዛው ለልጅ መሆኑን እንዲጠይቁ፣ ጋዜጣችሁም የዓመቱን አመላለስ በአንድ ጥግ ላይ በግልጽ እንዲያትምልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አባት፣ ከደብረ ብርሃን