የሚዜ ቀሚስ ይሰፋ ወይስ ይገዛ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣
ሐረር

እንደምን ከረማችሁ? መስከረም በዩኒፎርም አለፈ። ያን ሁሉ ሱሪ አሳጠርን፣ ያን ሁሉ ቀሚስ አስረዘምን። ጥቅምት ሲገባ ደግሞ የስልኩ ወሬ ተቀየረ። አሁን የሚደውሉት ሙሽሮች ናቸው። ጥያቄያቸውም አንድ ነው፤ «የሚዜዎቹን ቀሚስ እናሰፋ ወይስ ገዝተን እንገላገል?»

ልብስ ሰፊን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሉካንዳ ቤት ገብቶ «ዛሬ ጾም ነው እንዴ?» እንደማለት ነው። መልሱ ይታወቃል። እኛ ግን ዘንድሮ መልሳችንን ለውጠናል። አንዳንዶቻችሁን «ሂዱና ግዙ» እንላለን። ለምን እንደሆነ ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት ይሻላል ብለን ይህን ጻፍን።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥር ነው። አንዲት ሙሽራ ሰርጓ 11 ቀን ሲቀረው መጣች። ስድስት ሚዜ፣ ስድስት ረጅም ቀሚስ፣ ቀለሙ የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ። የጓደኛችን እህት ናትና እምቢ ማለት ከበደን። ጨርቁን እዚሁ መኪና ግርግር ገዛን። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከኛው የስፌት መኪና ጩኸት ነው፤ ጨርቁም ሰፊውም ጎን ለጎን ነው። ጣቃው ግን ለአራት ቀሚስ ብቻ በቃ። ባለሱቁ ሌላ ጣቃ አወጣልን። ያው ቀለም፣ ያው ቁጥር። በሱቁ አምፖል ሥር አስተያየነው፤ ልዩነት አላየንም። ቆረጥነው።

ሦስት ሌሊት አደርንበት። አንዱን ሌሊት መብራት ጠፍቶ በሻማ ጠርዝ ስንለቅም አነጋን። በሰርጉ ዕለት ሚዜዎቹ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ለፎቶ ሲሰለፉ ፀሐይዋ አጋለጠችን። አራቱ ወይራ፣ ሁለቱ ያደረ ጫት። ሙሽራዋ ሳቀች። እናቷ አልሳቁም። የሁለቱን የስፌት ዋጋ መለስን፤ ፎቶው ግን አይመለስም።

ጥፋቱ የኛ ነው። አብሮ ያልተነከረ ጨርቅ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ቀለሙ ሊለያይ እንደሚችል ማንም ሰፊ ያውቃል። እኛም እናውቅ ነበር። ቀን ቢኖረን ኖሮ ሁለቱንም ጣቃ ውጭ አውጥተን በፀሐይ እናያቸው ነበር። ካልሆነም ድሬ (ድሬዳዋ) ወርደን ለስድስቱም የሚበቃ አንድ ጣቃ እንፈልግ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ደረሰብን።

ስለዚህ ከዘንድሮ ጀምሮ ሰርጉ ከ3 ሳምንት በታች ከቀረው የሚዜ ቀሚስ አንቀበልም። ሚዜዎቹ ከአራት ከበለጡ 5 ሳምንት እንፈልጋለን። ለዘመድም ያው ነው። «አቦ፣ አታካብዱ!» እንደምትሉን እናውቃለን። እናታችን ገና ከአሁኑ እያለችን ነው።

ቀን ያጠረባችሁ እንግዲህ ግዙ። ሚዜዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑና ቁመናቸው ከተቀራረበም መግዛቱ አይከፋም። ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ወርዶ አንድ ቀን መዞር ይበቃል። ስትገዙ ግን መጀመሪያ የምትለካው ሞላ ያለችው ትሁን። ብዙዎች ቀጫጫዋን አልብሰው «ውይ ሲያምር!» ይሉና ሦስቱን ይገዛሉ። የሞላችዋ ቁጥር ግን አልቋል። ለሷ ብቻ ሌላ ፍለጋ ይጀመራል፤ እሷም እስከ ሰርጉ ቀን ይከፋታል።

ሌላው ደግሞ ቀሚሱን ገልብጣችሁ የጎን ስፌቱን እዩ። በተዘጋጀ ልብስ ላይ ከስፌቱ ወዲያ የሚተርፈው ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ምን ተለቅቆ የጠበበው ይሰፋል? ማጥበብ ግን ቀላል ነው። በሁለት ቁጥር መካከል ከሆናችሁ ትልቁን ውሰዱና አምጡልን፤ ለማጥበቡ የ3 ሳምንቱ ሕግ አይሠራም። ከታች ዳንቴል የተሰፋበት ረጅም ቀሚስ ካጋጠማችሁ ደግሞ ቁመቱ ልክ ካልሆነ ተዉት። ጠርዙ ስለማይቆረጥ ከወገቡ ፈትተን ነው የምናሳጥረው። ሥራው አዲስ ከመስፋት ብዙም አይተናነስም፤ ዋጋውም እንደዚያው።

አሁን ወደሚሰፋው እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ብናዳላ አትፍረዱብን።

የኛ አገር ሚዜዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አምና ለአንዲት የድሬ ሙሽራ አራት ቀሚስ ሰፋን። አንዷ ሚዜ የአምስት ወር እርጉዝ ነበረች። ሰርጉ እስኪደርስ ሰባት ወር ይሞላታል። ሌላዋ የምታጠባ አራስ። ሦስተኛዋ ሙስሊም ናት፤ እጅጌው እስከ አንጓዋ እንዲደርስና ሻሹ ከዚያው ጨርቅ እንዲወጣ ፈለገች። አራተኛዋ ክንዷን ማሳየት ትወዳለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ግን የምትደርበው ያስፈልጋታል። ይህን ከየትኛው ሱቅ ትገዙታላችሁ? እኛ ከአንድ ጣቃ ቆረጥነው። ለእርጉዟ ከጡት በታች ለቀቅ ያለ፣ ለአራሷ ፊት ለፊት ዚፕ፣ ለሦስተኛዋ እጅጌና ሻሽ፣ ለአራተኛዋ ከሺፎን አጭር ካባ። አብረው ሲቆሙ ያንድ ቤት ልጆች መሰሉ። ዚፑን ማንም አላየውም፤ ከፊት ባለው ጥብጣብ ሸፍነነዋል።

እንዲህ ዓይነት ሚዜዎች ካሏችሁ አስፉ። መግዛት አያዋጣችሁም።

ጨርቅ ስንት ይገባል ለምትሉ፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር ከሆነ ቀጥ ላለ ረጅም ቀሚስ 3 ሜትር ያህል እንቆጥራለን። ከታች ሰፍቶ የሚዘረጋ ክሎሽ ከሆነ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ሊያልፍም ይችላል። ገበሩ ለብቻው ነው። ስለዚህ ለስድስት ሚዜ ክሎሽ ያማራት ሙሽራ 30 ሜትር ከአንድ ጣቃ መፈለጓን ቀድማ ትወቅ። እኛ ዘንድሮ ሁልጊዜ 2 ሜትር አስተርፈን እንገዛለን። ምክንያቱን ከላይ አንብባችሁታል።

ሰርጉ የት እንደሆነም ንገሩን። ሐረርና ድሬ በመንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢራራቁም ሐረር ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ጨርቁ ይህን ያውቃል። በጥር ሐረር ማታ ይበርዳል፣ ወፈር ያለ ክሬፕ ያምራል። ለድሬ የግንቦት ሰርግ ደማቅ ሳቲን ይዞ ለሚመጣ ግን እንከራከራለን። ሳቲን ላብ አይደብቅም፤ በብብት ሥር ያለው ጨለም ያለ ክብ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ይወጣል። ሺፎን ከላይ፣ ስስ የጥጥ ገበር ከሥር ቢሆን ግን አየር ያስገባል። የፖሊስተር ገበር ይረክሳል፤ ለድሬ ሙቀት ግን ላስቲክ እንደመልበስ ነው።

ዋጋ በዚህ ደብዳቤ አልጻፍንም። ጨርቁ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የዛሬ ወር ያልናችሁን ዛሬ ላንደግመው እንችላለን። የስፌቱን ዋጋ ግን ቀብድ የከፈላችሁ ቀን እንቆርጣለን፤ ከዚያ ወዲያ አይጨምርም። ቀብዱ ግማሽ ነው። ከፋዩ ማን እንደሆነም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሙሽራዋ ትከፍላለች ብለው የመጡ ሚዜዎችና ሚዜዎቹ ይከፍላሉ ያለች ሙሽራ እኛ ሱቅ ውስጥ ሲፋጠጡ ማየት ደስ አይልም። አንዳንዷ አቅሟ እንደማይፈቅድ በሰው ፊት መናገር ይከብዳታል።

ከአዲስ አበባ ወይም ከጅግጅጋ የሚመጡ ሚዜዎች ልካቸውን በቴሌግራም ይልኩልናል። እንቀበላለን፤ ግን ጂንስ ለብሰው አይለኩ። ሜትሩን ሌላ ሰው ይያዝላቸው። ጡት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከዚያ ከትከሻ እስከ መሬት። እኛ በየጎኑ 3 ሴንቲ ሜትር እናተርፋለን፤ ሰርጉ እስኪደርስ ትንሽ ብትሞላም ፈትተን እናሰፋላታለን። እነሱም ቢያንስ ከሰርጉ ሦስት ቀን ቀድመው ይድረሱ።

የጥር ሙሽሮች፣ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ሰርግ ጋብ ይላል፤ ጠረጴዛችንም ባዶ ነው። ያኔ ኑ። ከጥምቀት ማግስት ያለው ሳምንት ከወዲሁ ሊሞላ ሁለት ቦታ ብቻ ቀርቶታል። ስትመጡ በሰርጉ ቀን የምትጫሙትን ጫማ ይዛችሁ ኑ። በሸበጥ ተለክታ በታኮ ሙሽራ ያጀበች ሚዜ አለችን፤ ቀሚሷ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀረ።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፌት ቤታችሁ