ዶሮ ያድርባት የነበረችው ሞተር፦ የቴክኖሎጂ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

መጽሔቱን የሚያዘጋጁት ልጆች «ቲቸር፣ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ» ብለውኝ ነበር። አልቻልኩም፣ ይቅርታ። የሌሎቹ ክበባት ዘገባ «በዓመቱ ውስጥ የሚከተሉት ተግባራት ተከናውነዋል» ብሎ ይጀምርና አምስት ነጥብ ዘርዝሮ ያበቃል። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ የሠራነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ገና አላለቀም።

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። እስከ ዘንድሮ ድረስ ክበባችን የካርቶን ድልድይና የላስቲክ ጠርሙስ ሮኬት ይሠራል፣ ለወላጆች ቀን ይታያል፣ በማግሥቱ ይጣላል። ዘንድሮ ልጆቹ «የማይጣል ነገር እንሥራ» አሉኝ። እኔም ሳላስበው «እኔ ቤት አንድ የቆመች ሞተር አለች» አልኩ። አንዴ ከአፍ ከወጣ ምን ይደረጋል? በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት የወላጅ ፈቃድ ወረቀታቸውን የያዙ አሥራ አራት ልጆች ኮተቤ ቤቴ በር ላይ ቆመዋል። ባለቤቴ ያየችኝን አስተያየት እዚህ አልጽፈውም።

ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። መኪና የሌለው ሰው ጋራዥ ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ የጤፍ ጆንያ፣ የተሰበረ አልጋ፣ ከዚያ በስተጀርባ ሸራ የለበሰች ሞተር። ሸራው ላይ ደግሞ ዶሮዎች ያድራሉ፤ ምን እንደነበረበት ገምቱት።

ሞተሯ ያማሃ ኤጂ 100 ናት። «ኤጂ» የሚለው ግብርና ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው፣ ለገጠር ሥራ ታስባ የተሠራች ናትና። ሰንሰለቷ ጭቃ እንዳይነካው ዙሪያውን ተሸፍኗል፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት፣ ፍጥነት አይሆንላትም፣ ዳገት ግን ትወጣለች። አጎቴ የግብርና ሠራተኛ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ በጨረታ ገዟት። አዲስ አበባ ከገቡም በኋላ ይነዷት ነበር። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከተማው ሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ሲጥል «እስኪፈታ አንተ ጋ ትቀመጥ» ብለው አመጧት። ተቀመጠች።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ በማጠብ ጨረስነው። ከዚያ አንዱ የ11ኛ ክፍል ልጅ እግሩን ማስነሻው ላይ አሳርፎ ረገጠ፤ ንቅንቅ የለም። በሙሉ ክብደቱ ቆመበት፣ አሁንም የለም። ፒስተኑ ዝጎ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቋል። አንዱ ወዲያው መዶሻ አነሳ።

እዚህ ላይ ጋሼ ይገባሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ጎረቤታችን ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ ነበሩ፣ የመጡትም ጩኸታችን ስለረበሻቸው ነው። «መዶሻውን አስቀምጥ» አሉት። «መዶሻ የያዘ ልጅ ካየሁ ቤቴ ነው የምገባው።» ካንዴላውን፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ አስፈትተው በቀዳዳው ናፍጣና ዘይት ደባልቀው አፈሰሱበትና «በቃ፣ ሂዱ» አሉን። ልጆቹ ተናደዱ፤ ገና የጀመሩ መስሏቸው ነበራ። እኔ በየማታው ማስነሻውን በእጄ ጫን እያደረግሁ እሞክር ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እንደ ድሮ በር «ሲጥ» ብሎ ትንሽ ወረደ። ያን ሌሊት በቴሌግራም ያስተላለፍኩት መልእክት የክበቡ ታሪክ ውስጥ ብዙ ልብ የተሰጠው ነው።

ከዚያ መፍታት ተጀመረ። የጋሼ ቋንቋ ግን ሌላ ችግር ሆነ። «ያችን ሮንዴላ አቀብለኝ፣ ዳዶዋን አትጣል፣ ካቻቢቴው የታለ?» ልጆቹ ፈዘው ያያሉ። አንድ ቀን «ፋሻው አልቋል፣ ፋሻ ያስፈልገዋል» ሲሉ አንዷ ተማሪ በቅንነት ከቦርሳዋ የቁስል ፋሻ አውጥታ ሰጠቻቸው። ጋሼ እንባቸው እስኪወርድ ድረስ ሳቁ። እሳቸው የሚሉት ፋሻ ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት ነው። በኋላ ስንፈልግ ግን ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ ሁለቱም ያው አንድ የጣልያንኛ ቃል ናቸው፣ መጠቅለያ ማለት።

ይህች ልጅ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ይዛ የምትሰማውን ቃል ሁሉ መጻፍ ጀመረች፣ ከጎኑ ዕቃውን በእርሳስ ትስላለች። ካንዴላ፦ ሻማ። ማርሚታ፦ ትልቅ ድስት፣ የጭስ ማውጫውም እሱው። ፍሪሲዮን፦ በፊዚክስ ክፍል ሰበቃ የምንለው ነገር። ሞላ፣ ቡሎን፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ሰበቃን በሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ የሞተር ፍሪሲዮን ማለት ራሱ ሰበቃ መሆኑን ግን ከእሷ ደብተር ነው ያነበብኩት። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሲወጣ መኪናውን ብቻ ሳይሆን የመኪናውን ስም ትቶልን ሄዷል ማለት ነው።

ደብተሩ በመጀመሪያ ለጨዋታ ነበር። ወንዶቹ «ምን ያደርጋል፣ እኛ በስልክ እያነሳን አይደል?» ይሏት ነበር። እውነት ነው፣ እያንዳንዱን ቡሎን ከመፍታታችን በፊት ፎቶ እናነሳ ነበር። ሁሉም ግን ያለው በአንድ ልጅ ስልክ ነው። ስልኩ ጥር ላይ፣ የጥምቀት ዕለት፣ ጃንሜዳ ላይ ጠፋ። ልጁ እኔ ጋ ለመምጣት ሁለት ሳምንት ፈራ። እኔም ብዙ አልተናገርኩትም፤ ሁለተኛ ቅጂ ይዘህ አስቀምጥ ያላልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሞተሯን የገጠምናት በዚያች ደብተርና ፍሬዎቹን በቁጥር በደረደርንባቸው የእንቁላል ካርቶኖች ነው።

ሲሊንደሩ ተበልቷል። ሬቲፊካ ቤት፣ ሲሊንደር የሚሞርዱበት፣ ወስደን በግማሽ ሚሊ ሜትር አስፋነው፤ ከ52 ወደ 52.5። ይህ ለሒሳብ ሰዎች የተላከ ስጦታ ነበር። የፒስተኑ ምልልስ 45.6 ሚሊ ሜትር ነው። ልጆቹ የሲሊንደር ይዘት ቀመር አውጥተው 96.8 ሲሲ የነበረችው 98.7 እንደሆነች አገኙ። «ቲቸር፣ እንግዲህ ኤጂ 100 የሚለው ስም አሁን ወደ እውነት ተጠጋ» አለኝ አንዱ። ልክ ነው፣ ሲጀመርም መቶ ሞልታ አታውቅም።

ፒስተኑን ፍለጋ አራት ሆነን ሶማሌ ተራ ሄድን። ሦስት ሱቅ «የለም»፣ አራተኛው «አለ፣ ኦሪጅናል ነው» አለን። አንዷ ልጅ ካሊፐሯን አውጥታ ለካችው፤ የሌላ ሞተር ፒስተን ነው፣ የፒኑ ቀዳዳ አይገጥምም። ሻጩ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ከዚያ ከውስጥ ትክክለኛውን ይዞ መጣ። ዋጋው ላይ ትንሽ እንኳን አልቀነሰልንም። ገንዘቡ የወላጆች ቀን ሻይና ሳምቡሳ ሸጠን ያገኘነው ነው፣ ስለዚህ ከሱቁ ስንወጣ እጃችን ላይ የቀረው የታክሲ ብቻ ነበር። ከምናለሽ ተራ ደግሞ አሮጌ የሞተር መስተዋት በነጻ ሰጡን፤ ለምን እንደሰጡን እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ የዓመቱ ትልቁ ኪሳራ መጣ። የእሷ ኢንጂን ባለ ሁለት ምት ነው፣ ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ ሲወርድ ሥራውን ይጨርሳል። በእንዲህ ዓይነቱ ኢንጂን ውስጥ ፋሻው እንደፈለገ አይዞርም፤ ፒስተኑ ላይ ትንሽ ፒን አለች፣ የፋሻው ሁለት ጫፎች እሷን አቅፈው መግባት አለባቸው። አለዚያ ጫፉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉት የጋዝ መስኮቶች ይያዛል። ይህን ጋሼ ነግረውናል፣ ደብተሩም ላይ ተስሏል። ቸኮልን። ሲሊንደሩን ስንጫን «ቀጭ» አለ። አዲሱ ፋሻ ለሁለት። ማን እንደጫነው አልጽፍም፣ ምክንያቱም እኔ ነኝ። ሌላ ፋሻ እስክናገኝ አምስት ሳምንት ቆመን ጠበቅን፣ ከአሥራ አራቱ አምስት ልጆችም በዚያ መሀል ቀሩ። አልፈርድባቸውም።

በእረፍቱ የቤንዚን ታንኳን ያዝን። ውስጧ ዝገት ብቻ ነው። የኬሚስትሪ መምህሯ እገዛ አደረጉልን፦ አቼቶ ሞልተን፣ ጠጠር ጨምረን፣ ሦስት ቀን እያገላበጥን አቆየናት፣ ከዚያ አሲዱን ለማክሸፍ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ አጠብናት። መጀመሪያ ሳናደርቃት ትተናት ምሳ ሄድን። ስንመለስ እንደገና ብርቱካንማ ሆናለች። በሁለተኛው ዙር ወዲያው አድርቀን ዘይት ቀባናት። ጋራዡ ለአንድ ሳምንት ሰላጣ ሰላጣ ይሸት ነበር። ፍሬኑንም በዚያው ሰሞን አጸዳን፤ የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን ማንም እንዲነፋው አልፈቀድኩም፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ።

ሚያዝያ ላይ ሁሉም ተገጠመ። ረገጥን፣ የለም። ካንዴላውን አውጥተን ቴስታታው፣ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ላይ አስደግፈን ረገጥን፤ ብልጭታ የለም። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠውን ቦቢና ስንጠረጥር፣ ሽቦ ስንለካ ቆየን። በመጨረሻ ያገኘው ከሁሉም ዝምተኛው የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። የማጥፊያው ሽቦ ከቤንዚን ታንኳ ሥር ተልጦ ብረቱን ይነካል፣ ስለዚህ ሞተሯ ሁልጊዜ «ጥፊ» እየተባለች ነበር። ሽቦውን ነቀልነው። ረገጥን። ተነሳች!

ጭሱን አልነግራችሁም። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው ኦቶሉብ የሚባለው ዘዴ ዘይቱን በራሱ ፓምፕ ከቤንዚኑ ጋር ያገናኛል፤ እኛ ግን ለዓመታት የቆመ ፓምፕ ስላላመንን፣ ለመጀመሪያው ጊዜ በአምስት ሊትር ቤንዚን ላይ ሩብ ሊትር ዘይት ጨምረንበት ነበር። ጋራዡ ደመና ሆነ። በሩን ከፍተን ሁሉም ወደ ውጭ። ልጆቹ እየጨፈሩ ሳለ ድምፁ ማደግ ጀመረ። ማንም ጋዝ አልሰጣትም። ጮኸች፣ የባሰ ጮኸች፣ ማጥፊያውን ተጫንኩ። ማጥፊያውን እኮ ነቅለነዋል! ጋሼ ብቻ አልሮጡም። በቋሚዋ ላይ እንዳለች ማርሽ አስገቡ፣ የኋላ ፍሬኑን ረገጡ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቁት። ጸጥ።

ምክንያቱ የኢንጂኑ ዘንግ ላይ ያለው ኦይል ሲል፣ ማለትም እንዳያፈስ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት፣ ነበር፤ ደርቆ ተሰንጥቋል። በሁለት ምት ኢንጂን ቤንዚንና አየሩ መጀመሪያ ከፒስተኑ ሥር ታምቆ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ከሥር ትንሽ ቀዳዳ ካለ ባዶ አየር ይስባል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ኢንጂኑ ብቻውን ይበራል። ይህን ሰሌዳ ላይ አንድ ሰዓት ባስረዳ ኖሮ ግማሹ ክፍል ይተኛ ነበር። ሲሉን ቀየርን፣ ማጥፊያውንም በአዲስ ሽቦ መለስን። ከሁሉ በፊት መጠገን የነበረበት እሱ ነበር፤ ተመክሬበታለሁ።

ቀጥሎ ካንዴላው ጥላሸት እየለበሰ አስቸገረን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቤንዚንና አየር የሚደባለቁበት ካርቡራተር ውስጥ የነበረው ጂግለር፣ ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ፍሬ፣ ለቆላ የተለካ ይመስላል፤ ቤንዚኑ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል። አንድ ደረጃ ያነሰ ጂግለር አስገባንና የካንዴላው ጫፍ የተቆላ ቡና መልክ ያዘ። ጋሼ አይተው «እንዲህ ነው» አሉ። ከእሳቸው አፍ ዓመቱን ሙሉ የወጣ ብቸኛው ሙገሳ ነው።

አንድ ልጅ ግንቦት ላይ የጠየቀኝን ልጽፍ። «ቲቸር፣ አገሩ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሎ ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ፣ እኛ ዘይት የምታቃጥል ሞተር ለምን እናድሳለን?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ጭሷ ለጎረቤትም ለሳንባም አይበጅም፤ ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬም ልብሳቸውን ካሰጡበት እየሰበሰቡ ይህንኑ ነግረውኛል። እኔ የመለስኩለት፣ የኤሌክትሪኳም ሞተር ኩሽኔታ፣ ፍሬንና የሚላጥ ሽቦ አላት ብዬ ነው። አልተዋጠለትም መሰለኝ። ለሚቀጥለው ዓመት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሐሳብ ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።

አጎቴ ሰኔ ላይ መጥተው ግቢ ውስጥ አንድ ዙር ነዷት። ከግቢ አልወጣችም፣ ፈቃድ የላትም፤ ከልጆቹም መንጃ ፈቃድ ያለው ስለሌለ ማንም አልነዳትም፣ ይህን ለወላጆች ደግሜ አረጋግጣለሁ። አጎቴ ሲወርዱ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል ብለን ስንጠብቅ «ሦስተኛው ማርሽ ድሮም እንዲህ ያስቸግር ነበር» ብለው ቡናቸውን ጠጡ።

ደብተሩ ሰማንያ ሰባተኛ ገጽ ላይ ደርሷል። መጨረሻው ገጽ ላይ የቀረው ተጽፏል፦ የፊት መብራት፣ የፍጥነት መቁጠሪያ ገመድ፣ እስቱኮና ቀለም፣ የመቀመጫ ቆዳ። ቀለሙ ላይ ልጆቹ ለሁለት ተከፍለዋል፣ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ የድሮ መልኳ ይመለስ ይላሉ፤ በመስከረም ድምፅ እንሰጣለን። ክበቡን መግባት የምትፈልጉ የ9ኛ ክፍል ልጆች የወላጅ ፈቃድ፣ አሮጌ ልብስና አንድ አንድ ብርጭቆ ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ዶሮዎቹ አሁን የሚያድሩት አልጋው ላይ ነው።